ቪትዜ ዳገት ላይ ትለምነኛለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጎንደር፣ የማራኪ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያው ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ 1 ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ጎሃ ስወጣ ግን ባጃጅ ሊቀድመኝ ምንም አይቀረው። የደባርቁን መንገድማ ይተዉት። አንዱ ጓደኛዬ የአየር ማስገቢያውን ቀይር፣ ማርሚታውንም ክፈተው ይለኛል። ሌላው ቱርቦ ግጠምላት አለኝ። ኪሴ ደግሞ የሚያውቁት ነው። በትንሽ ገንዘብ ጉልበት የምጨምርበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናዋን ከመውቀስህ በፊት ከተማህን ውቀስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ሂሳቡን እንሥራው። ቪትዝህ ከፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ አዲስ ሳለች፣ ባሕር ዳር ላይ ነው (ከተማውን ማለቴ አይደለም፣ ባሕር ዳርም ብትሆን 1,800 ሜትር ላይ ናት)። ጎንደር ላይ 55 ቢቀራት ነው። ደባርቅ ስትደርስ ወደ 50 ትወርዳለች። መተማ ወርዶ የመጣ ሰው «መኪናዬ እዚያ ወጣት ሆነችልኝ» የሚልህ ዋሽቶ አይደለም።

በዚያ ላይ መኪናዋ 20 ዓመት አልፏታል። ከ55ቱ ስንቱ በአቧራ፣ ስንቱ በአረጀ ካንዴላ እንደሚባክን አንተም መካኒክህም አታውቁም። እኔ ብሆን ገንዘቤን የማወጣው መጀመሪያ የባከነውን ለማስመለስ ነው።

በአየር ፊልትሮ ጀምር። እኛ ጋ ፊልትሮ በኮምፕረሰር እየተነፋ ዕድሜ ልኩን ይሠራል የሚል እምነት አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ ግን ወረቀቱ ይሳሳል፣ አቧራውንም ወደ ሞተር ያሳልፋል። ቀይረው፣ ውድ ዕቃ አይደለም። ቀጥሎ ካንዴላ፣ አራቱንም አንድ ላይ። ሲወጡ አትጣላቸው፣ አገላብጠህ እያቸው። ጫፋቸው ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና እየነደደ ነው። ጥላሸት የለበሱ ከሆኑ ወይ አየር አንሷታል፣ ወይ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ስለዚህ ካንዴላ ብቻ ቀይረህ አትመለስ። ትሮትሉንም፣ ማለትም ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚከፍት የሚዘጋውን ክፍል፣ በማጽጃው አሳጥበው፣ ጥቁር ቅባት ያከማቻል። የቤንዚን ፊልትሮውን ደግሞ በተለይ እይልኝ፤ ሰልፉ ሲረዝምብህ መንገድ ዳር በጀሪካን ገዝተህ ታውቅ እንደሆነ ውሃና ዝቃጭ አብረህ ገዝተህ ይሆናል።

አሁን ደግሞ በነፃ የሚሠራ ምርመራ። ትንሽ ከነዳህ በኋላ ሜዳ ላይ ፍሬን ሳትይዝ በራሷ እስክትቆም ተዋት። ከዚያ ውረድና እጅህን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሞተሩ ደከመ ተብሎ ሞተር ላስወርድ ቀጠሮ ይዤ ነበር፣ ለካ የኋላ ግራ ፍሬን ኖሯል። ወር ሙሉ ፍሬን ይዤ ስነዳ ከርሜ፣ በዚያ ላይ ቤንዚን በላች ብዬ ሳማርር! የጎማ ንፋስህንም በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ አስሞላ።

ቸርኬህ ስንት ነው? አልጻፍክልኝም። ይህች መኪና የምታውቀው 13 ወይም 14 ነው። አንዳንዱ ለማማሩ ሲል 15 ከወፍራም ጎማ ጋር ይገጥምላታል። ጎማው በጠቅላላ ሲተልቅ ሁልጊዜ አንድ ማርሽ ከፍ አድርገህ እንደምትነዳ ያህል ነው፣ ዳገት ላይ ያስቀጣሃል። ዘይትም እንዲሁ። «መኪናዋ ስላረጀች ወፍራም ዘይት» የሚለውን ምክር ዝም ብለህ አትቀበል፣ ዘይት ካልበላች መመሪያዋ የሚለውን ቀጭኑን ዘይት አድርግላት።

ትልቁን ጉልበት ያለ ምንም ወጪ የምታገኘው ግን እግርህና እጅህ ላይ ነው። ላስብልህና፣ የጎሃን ዳገት የምትወጣው ማርሹን ዲ ላይ ትተህ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠህ ነው አይደል? የዚህች ሞተር ምርጥ የመሳብ አቅም የሚገኘው ደግሞ 4 ሺህ ዙር አካባቢ ነው። ዳገቱ ሥር ሳትደርስ 2 ላይ አውርዳት። ትጮሃለች። ትጩህ፣ ለዚያ ነው የተሠራችው። ዙር ቆጣሪ ከሌላት በጆሮህ ለምደው። ዳገቱ እስኪያልቅ ኤሲውን አጥፋው፣ ኮምፕረሰሩ ከዚያችው ከ55ቱ ላይ ነው የሚበላው። የሙቀት መብራቷን ብቻ ተከታተል። ስትወርድም 2 ላይ ውረድ፣ ፍሬንህን ታተርፋለህ። ኋላ ላይ ተጭኖ የከረመ ኮተት ካለም አውርደው፤ አንድ ኩንታል ዕቃ ማለት ለእሷ አንድ ወፍራም ተሳፋሪ ነው።

የጓደኞችህን ነገር በአጭሩ። በአየር ማስገቢያው ቦታ የሚገጠመው ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን የሞቀ አየር ይስባል፣ የሞቀ አየር ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው፣ ከፍታው ያደረሰብህ አልበቃ ብሎ! የተከፈተ ማርሚታ ለጎረቤት ድምፅ ይሰጣል፣ ለአንተ ያን ያህል አይሰጥህም። ካታሊስቱ (ጭስ ማጣሪያው) ተደፍኖ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አስመርምር። መሪው ሥር የሚሰካው «ጉልበት ጨማሪ ቺፕ» መብራት ብልጭ ከማድረግ ውጪ ሥራ የለውም። ቱርቦ ስስ አየርን የሚያሸንፍ ነገር ነው፣ አልክድም። ያንተ ሞተር ግን ለሱ አልተሠራም፤ ፒስተኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ይነካል፣ ወጪውም ከመኪናዋ ጋር ይፎካከራል። ገንዘብ ከተገኘ የ1.3ቱን ሞተር ማስገባት ይሻላል፣ ግን ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። ሳታስፈቅድ ቀይረህ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው። ማንዋል ሱዙኪ ዲዛየር እነዳለሁ። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ጉልበት ጨምሪበት እያሉኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጉልበቱ አለ፣ ጎማው ጋ አልደረሰም እንጂ። ፍሪሲዮንሽ አልቋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገሽ ያዢ፣ ከፊትሽ ሰው አይኑር፣ 4ኛ ማርሽ አስገቢና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው። ካልጠፋና መዞሩን ከቀጠለ ይንሸራተታል፣ ይቀየር። ደጋግመሽ አትሞክሪው፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። ፒያሳ ዳገት ላይ መኪና ሲቆም በፍሪሲዮን አንጠልጥለሽ የምትጠብቂ ከሆነም አዲሱንም ትጨርሺዋለሽ።

ጥያቄ፦ በጠርሙስ የሚሸጠው ኦክቴን መጨመሪያ ይሠራል?

መልስ፦ ለጎንደር? አያስፈልግህም። ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ነው የሚያግዘው፣ ስስ አየር ላይ ደግሞ ያ ችግር ራሱ ይቀንሳል። መተማ ወርደህ በዚያ ሙቀት ዳገት ስትይዝ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ ከሰማህ ግን ነዳጁን ቀነስ አድርግና ስትመለስ ጻፍልኝ።