ካሴቶቹን ያዢ፣ ፋይሉንም ግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። አባትሽ አንድ ካርቶን ካሴትና ጥቂት ሲዲ ትተውልሻል፤ አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «ይሄ ሁሉ አቧራ ምን ይሠራልሻል፣ ዘፈኖቹን ኦንላይን ገዝተሽ በስልክሽ ያዢና ካርቶኑን አስወጪ» ይልሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ትዝታ ነውና እንዳትጥያቸው» ብለዋል። እኔም አትጣያቸው ነው የምልሽ፤ ምክንያቴ ግን ትዝታ አይደለም። በወጣትነቴ መርካቶ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት እቀዳ ነበር፣ አሁን ደግሞ የሰው ካሴት ወደ ፋይል እገለብጣለሁ። የምነግርሽ ከዚያው ያየሁትን ነው።

ወንድምሽ የተሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ዘፈኑ ሁሉ የሆነ ቦታ የሚሸጥ መስሎታል። ለፈረንጅ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የእኛ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 ነው። የሸክላው ዘመን ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልዘለቀም፤ በደርግ ጊዜ ካሴት ቦታውን ወሰደው። ከዚያ ሲዲ እስኪገባ ድረስ የወጣው አብዛኛው ሥራ በካሴት ብቻ የወጣ ነው። ማስተሩ፣ ማለትም ሌላው ሁሉ የሚባዛበት የመጀመሪያው ቅጂ፣ ያለው አሳታሚው ሙዚቃ ቤት ዘንድ ነበር፤ ሙዚቃ ቤቱ ሲዘጋ ወይ ባለቤቱ ሲሰደድ ማስተሩ የት እንደገባ የማይታወቅ ሥራ ሞልቷል።

ስለዚህ ኦንላይን የምታገኚው «ኦሪጅናል» ብዙ ጊዜ እንዳንቺ አባት ያለ አንድ ሰው ቤት የነበረ ካሴት ግልባጭ ነው። ሳዳምጠው ያስታውቀኛል። ሲገለበጥ ያጫወተው ቴፕ ሞተሩ ስለሚፈጥን ድምፃዊው ልጅ እግር ሆኖ ይሰማል፣ ክራሩም ከቅኝቱ ከፍ ይላል። የኤ ሳይድ የመጨረሻ ዘፈን መሀል ላይ ቁርጥ ይላል፤ ኮፒው የተቀዳበት ባዶ ካሴት አልበቃ ብሎ ነው። የዘፈኑ ስም «ትራክ 3» ነው። ግጥም ማን ጻፈ፣ ማን አቀናበረ፣ ሳክስፎኑን ማን ነፋ የሚል ነገር የለም። ያ ሁሉ የተጻፈው ካርቶንሽ ውስጥ ባለው የካሴት ሽፋን ላይ ነው፣ በዚያ በደቃቃ ፊደል።

አንዲት ካሴት ምን ልታደርግ እንደምትችል ለማየት የኪቦርድ ተጫዋቹን የሀይሉ መርጊያን ነገር እዪው። በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋህዶ ብቻውን የሠራትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ገበያ ላይ አገኛት። ሀይሉ ያኔ ታክሲ እየነዳ ነበር። ካሴቷ በ2013 በሸክላም በሲዲም በፋይልም እንደገና ታተመች፣ ሰውየውም ተመልሶ ዓለም መዞር ጀመረ። አሁን ያቺን ሥራ በንጹሕ ፋይል ገዝተሽ የምትሰሚው አንድ ሱቅ ካሴቱን ስላልጣለ ነው።

«ገዝተሽ ያዢ» ወደሚለው ልምጣ። ዳውንሎድ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰው ግን አንድ ያደርገዋል። አንደኛው በየወሩ የምትከፍዪበት አፕ ውስጥ «ዳውንሎድ» የምትዪው ነው። እሱ ያንቺ አይደለም፤ ክፍያው ሲቋረጥ ይቆለፋል፣ አፑ ከባለመብቱ ጋር ያለው ውል ሲያልቅም ዘፈኑ ሳይነግርሽ ይሄዳል። ሁለተኛው እውነተኛ ፋይል መግዛት ነው። እሱም ቢሆን ድሮ ጣጣ ነበረው። አይቱንስ በ2003 ሲከፈት የሚሸጠው ፋይል ካልተፈቀደለት መሣሪያ ላይ እንዳይዘፍን የሚያደርግ ቁልፍ ነበረበት፣ ቁልፉ የተነሣው በ2009 ነው። ያሁ በ2008 የሙዚቃ መደብሩን ሲዘጋ ፈቃድ የሚሰጡትን ሰርቨሮች አጠፋለሁ አለ፤ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዘፈን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ማዛወር ሊያቅተው ሆነ። በኋላ ለገዢዎቹ ካሳ አቀረበ፣ ግን ነገሩ ታየ።

ስለዚህ የእኔ መፈተኛ ቀላል ነው። የገዛሽውን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጪና የማታውቂው ሰው መኪና ላይ ሰኪው። ካለ ኢንተርኔት፣ ካለ ፓስወርድ ከዘፈነ ገዝተሻል። ካልዘፈነ ተከራይተሻል።

ያም ሆኖ ፋይል አንድ ነገር ይጎድለዋል። ካሴትና ሲዲ ትሸጪዋለሽ፣ ታውሺዋለሽ፣ ታወርሺዋለሽ፤ ማንም አይጠይቅሽም። የተገዛ ፋይልን መልሶ የመሸጥ ነገር አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ይግባኝ ሰሚው በ2018 አይቻልም ብሏል፤ ፋይል ሲተላለፍ አዲስ ቅጂ ይፈጠራልና። አባትሽ ያላቸው የአፕ አካውንት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ጥያቄ አትጠይቂንም ነበር።

ካሴት ግን ዘላለማዊ አይደለም። «የካሴት ድምፅ ይሞቃል» የሚሉኝን ሰዎች አልከራከራቸውም፣ እኔ የምሰማው ሽሽታውን ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ፋይል ከሲዲ አያንስም፣ ከካሴትማ እጅግ ይበልጣል። ሲዲዎቹን ደግሞ ገልብጠሽ ሆዳቸውን እዪ። ብርማ ከሆነ ፋብሪካ የታተመ ነው። አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ከመታ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተቃጠለ ነው፤ ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን ስለሚበላሽ ከሲዲዎቹ መጀመሪያ እነሱን ወደ ፋይል ገልብጪ። ጭረት ደግሞ ከሆዱ ይልቅ ጽሑፍ ያለበት ወገን ላይ ይከፋል፣ መረጃውን የያዘው ንጣፍ ከዚያ ሥር ነውና።

ካሴቶቹን ከማጫወትሽ በፊት ጀርባቸው ላይ ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪያቸው፣ በስሕተት ሪከርድ ተነክቶ እንዳይጠፋ። ጥርሱ ተሰብሮ ቀዳዳው በፕላስተር የተሸፈነ ካገኘሽ አባትሽ ኦሪጅናሉ ላይ ሌላ ነገር ቀድተውበት ይሆናል። እሱን በተለይ አትለፊው፤ ከእንዲህ ዓይነት ካሴት የሰርግ ዘፈን፣ የሬዲዮ ፕሮግራም፣ የሞተ ሰው ድምፅ ሲወጣ አይቻለሁ። ከዚያ ክሩን በእስክሪብቶ ትንሽ አዙሪው፤ እንቢ ካለ አታስገድጂው። መሀል ላይ ክሩን የምትደግፈው ትንሿ ስፖንጅ ከወደቀች ለሚያውቅ ሰው ስጪው። ቴፑ ላስቲኩ አዲስ፣ ክሩን የሚያነበው ሄዱም በአልኮል የተጠረገ ይሁን። ርካሽ ቴፕ ክሩን ከበላው በኋላ መጸጸት ዋጋ የለውም።

ሲገለበጥ ድምፁን በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዌቭ ወይ በፍላክ ይሁን። ዌቭ በሲዲ ጥራት ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፣ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 600 ሜጋባይት ነው፤ ፍላክ ግማሹን ገደማ ይቀንስልሻል፣ ድምፁን ሳይነካ። «ቦታ ልቆጥብልሽ» ብሎ ድምፁን ቀንሶ ፋይሉን በሚያሳንሰው በ128 ኤምፒስሪ የሚሠራልሽን አትቀበዪ። በኋላ ወደ ፍላክ ቢቀይረውም የቀጠነ ወጥ ትልቅ ድስት ውስጥ ስለገለበጡት አይወፍርም። ሽፋኖቹን በሁለቱም ወገን ፎቶ አንሺ። አንድ ሃርድ ዲስክ ቤትሽ፣ አንድ ወንድምሽ ጋ ይቀመጥ። ቴሌግራም ላይ ግን አትበትኚው፣ ባለመብቶቹ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው።

የወንድምሽም ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። በንጹሕ ሁኔታ እንደገና የታተሙትን ፋይላቸውን ይግዛልሽ። ባንድካምፕን የመሳሰሉ የኦንላይን ሙዚቃ መሸጫዎች ፍላክ ይሰጣሉ፣ ቁልፍ የላቸውም፣ ከክፍያውም አብዛኛው ወደ ባለሥራው ወይ አሳታሚው ይሄዳል። ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን ፈተና ነው፣ ለእሱ ግን የአንድ ቡና ወጪ ነው።

ከካርቶኑ ሥር ሸክላ ካለ ደግሞ «እኔ ልውሰድልሽ» ለሚል ሰው በሁለት መቶ ብር እንዳታስረክቢ። የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን የኢትዮጵያ ሸክላ የውጭ ሰብሳቢዎች እያሳደዱት ነው፣ አሳዳጁም ዋጋውን አይነግርሽም።

ሽፋኖቹን ፎቶ ስታነሺ እዚህ ብትለጥፊልን ጥሩ ነው። የትኛው በሲዲ ወጥቷል፣ የትኛው ፋይሉ ይሸጣል፣ የትኛውስ ከካሴቱ በቀር የለም የሚለውን ለይተን እንነግርሻለን። ካሴቶቹን መገልበጥ ግን ከካሴቱ በቀር ከሌላቸው ጀምሪ።