ለአለቃ ስለሚጻፍ ደብዳቤ

ልጆች፣ መሥሪያ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትማሩት የደብዳቤ ቅርጽ ነው። ቁጥርና ቀን ከላይ፣ ጉዳዩ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ ከታች ደግሞ "ግልባጭ" ተብሎ የክፍል ስም ይደረደራል። አለቃችሁ መስማት የማይፈልገውን ነገር እንዴት እንደምትጽፉለት ግን ማንም አያሳያችሁም። እኔ ዕድሜዬን በግድብና በመስኖ ሥራ የጨረስኩ መሐንዲስ ነኝ። ሲበላሹ ካየኋቸው ሥራዎች በብዙዎቹ ዲዛይኑ ደህና ነበር። የጠፋው እውነቱን በጊዜ ጽፎ የሚያቀርብ ሰው ነው። አጎብዳጅ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁሌ የሚመጡብኝ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትና የቅርብ አማካሪው ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ናቸው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሩዝቬልት ለእኛም ባዳ አይደለም። በ1903 መጨረሻ ስኪነር የሚባል መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ ልኮ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ያዋዋለው እሱ ነው። በዚያው ሰሞን የፓናማን ቦይ ጉዳይም እያጧጧፈ ነበር።

ታፍት ያኔ በአሜሪካ ሥር የነበረችው የፊሊፒንስ ገዥ ነው። የልቡ ምኞት ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መግባት። ይህን የሚያውቀው ሩዝቬልት በ1902 በቴሌግራም ወንበሩን ሰጠው። ታፍት ምን ቢል ጥሩ ነው? እዚህ የጀመርኩት ሥራ አላለቀም፣ ጥዬ አልመጣም አለ። ሩዝቬልት እንደገና ገፋው፤ ታፍት እንደገና ምክንያቱን ዘርዝሮ መለሰ። የፊሊፒንስ ዋና ከተማ የማኒላ ሰዎችም ይቆይልን ብለው ሰልፍ ወጡ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ "እሺ፣ እዚያው ቆይ፤ ሌላ ሰው እሾማለሁ" የሚል አጭር መልስ ላከ። ልብ በሉ፤ ቂም አልያዘም። ዓመት ያህል ቆይቶ የጦር ሚኒስትር አደረገው፤ የቦዩን ሥራም በእጁ አስረከበው። በምክንያት እምቢ ያለ ሰው፣ እሺ ሲልም እንደሚታመን ገብቶታል።

ፓናማ ላይ የመጀመሪያው ጣጣ ቁፋሮው አልነበረም፤ ፖለቲካው ነበር። የቦዩን ውል በፓናማ ስም ከአሜሪካ ጋር የፈረመው ቡኖ ቫሪያ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ፓናማውያኑ ልዑካን ዋሽንግተን ሲደርሱ ፊርማው ደርቆ ጠበቃቸው። (ይህን ታሪክ ሳነብ ዛሬም ያናድደኛል።) በ1904 አሜሪካኖቹ በውሉ በተሰጣቸው የቦዩ ክልል የራሳቸውን ወደብ፣ ጉምሩክና ፖስታ ቤት ሲከፍቱ ሕዝቡ ተቆጣ። በጥቅምት ወር ሩዝቬልት ለታፍት ደብዳቤ ጻፈ። በፓናማ መሐል ራሱን የቻለ ቅኝ ግዛት የማቋቋም ሐሳብ ከቶ የለንም፤ ሄደህ ይህንን አስረዳቸው የሚል ነው።

ታፍት ሄደ። ግን ደብዳቤውን አንብቦላቸው አልተመለሰም። በክልሉ የሚገባው ሸቀጥ እንዲገደብ ተስማማ። እስከ ቴምብር ድረስ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ክልሉ የፓናማን ቴምብር ከዋጋው 40 በመቶ እየከፈለ ይገዛና "የቦይ ክልል" የሚል ጽሑፍ ከላይ ያትምበት ጀመር። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለአንድ ነጋዴ ወይም ለአንድ የፖስታ ሠራተኛ ግን "አገራችሁ አገር ናት" የሚለው ንግግር እጅ ላይ የሚያዝ የሆነው በዚያች ቴምብር ነው። ውሉ ያው ውል ነው፤ አልተለወጠም። ታፍት ማስታገሻ ሰጠ እንጂ በሽታውን አላዳነም።

ትልቁ ክርክር የመጣው በ1906 ነው። ቦዩ በባሕር ወለል ልክ ወጥ ሆኖ ይቆፈር ወይስ መርከቡን በሎክ፣ ማለትም በር ባላቸው የውሃ ክፍሎች፣ እያነሳና እያወረደ ያሳልፍ? ሩዝቬልት የሰበሰባቸው 13 ባለሙያዎች ነበሩ፤ 8 ለ5 ሆነው ወጡን ቦይ መረጡ። እሱም ልቡ ወደዚያው ያደላ ነበር። ዋናው መሐንዲስ ጆን ስቲቨንስ ግን የቻግሬስን ወንዝ ሲሞላ በዓይኑ አይቷል። ያ ወንዝ ዝናብ ሲጥል ያብዳል። ወጥ ቦይ ብትቆፍር ጎርፉ የሚገባው አንተው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጋቱን የሚባለው ቦታ ላይ ብትገድበው ግን ያው ጠላት 26 ሜትር ከፍ ያለ ሐይቅ ሆኖ መርከብ ይሸከምልሃል። ታፍትም ለሎኩ ወግኖ ጻፈ። ሩዝቬልት የአብዛኞቹን ድምፅ ትቶ ሐሳቡን ቀየረ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 36 ለ31 አጸደቀው።

እኔ ወጣት መሐንዲሶችን የምመክረው ከዚህ ተነስቼ ነው። ስቲቨንስ "ወጡ ቦይ አይሆንም" ብቻ ብሎ ቢቀር ማንም አይሰማውም ነበር። ወንዙን አሳያቸው፤ ከዚያ ሌላ መንገድ ሰጣቸው። አለቃ ሐሳቡን ሲቀይር መውጫ ይፈልጋል። "ተሳስተዋል" ብላችሁ ከዘጋችሁበት ግትር ይላል። "ወንዙ እንዲህ ነው፣ በዚህ በኩል ግን ይቻላል" ካላችሁት በራሱ እግር ይመጣል።

ያው ስቲቨንስ በዓመቱ ምን እንዳደረገ ደግሞ ስሙ። ጥር 1907 ላይ ለፕሬዚዳንቱ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ደክሞታል፤ ከኋላ የሚወጉት ሰዎች አስመርረውታል። እውነቱን ነው። ግን እየጻፈ ሲሄድ ብሶቱ ወሰደው። ሌላ ቦታ የተሻለ እንደሚከፈለው አነሳ። ቦዩንም ከተራ ትልቅ ጉድጓድ ለይቼ አላየውም አለ። ሩዝቬልት ቦዩን ምን ያህል እንደሚወደው ለማያውቅ ይቅርታ ይደረግለት ይሆናል፤ ስቲቨንስ ግን ያውቃል። ከሁለት ወር በፊት ሩዝቬልት ፓናማ ድረስ ሄዶ በዝናብ መሐል የእንፋሎት መቆፈሪያ ማሽን ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ደብዳቤው ደረሰ፣ ስቲቨንስ ተሰናበተ። ታፍት በሚያውቀው በወታደሩ መሐንዲስ በጆርጅ ጎታልስ ተተካ። የቦዩን የባቡርና የሰው ኃይል አደረጃጀት መስመር ያስያዘው ስቲቨንስ ነው፤ ፍጻሜው ላይ ግን አልነበረም። እረፍት የሚያስፈልገው ሰው እረፍት ይጠይቃል። ብሶት ያለበት ከጓደኛው ጋር ቡና ይጠጣል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ደርቦ ለአለቃው አይልክም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። የሚወርሰው ማን እንደሆነ ግን ጸሐፊው አይመርጥም። ታፍት በ1909 ራሱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከሩዝቬልት ጋርም ተቃቃሩ። በ1912 ምርጫ ፊት ለፊት ገጠሙ። ቦስተን ላይ ታፍት መድረክ ወጥቶ ሩዝቬልት በግል የጻፈለትን ደብዳቤ ለሕዝብ ይፋ አወጣው። ሩዝቬልት ይህን ክህደት አለው። ታፍት ራሱ ከመድረክ ወርዶ አለቀሰ ይባላል። ምርጫውን ሁለቱም ተሸነፉ፤ ሌላው ተወዳዳሪ ዊልሰን አሸነፈ። በ1918 ቺካጎ ውስጥ በብላክስቶን ሆቴል ምግብ ቤት ተገናኝተው ሲታረቁ፣ እራት ላይ የነበረው ሰው አጨበጨበላቸው። የእናንተ ዘመን ደግሞ የባሰ ነው። ቴሌግራም ላይ ለቅርብ ሰው የላካችሁት ነገር በአንድ ስክሪን ሾት ያዳርሳል። ስለዚህ ስለ ሦስተኛ ሰው ስትጽፉ፣ ያ ሰው ነገ ግልባጩ ቢደርሰው የምትቆሙበትን ብቻ ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በፕሬዚዳንትና በሚኒስትር መካከል የሚመላለስ ደብዳቤ ውስጥ ቆፋሪው የለም። በአሜሪካኖቹ ጊዜ ብቻ 5,609 ሰው በበሽታና በአደጋ ሞቷል፤ አብዛኞቹ ከባርቤዶስ፣ ከጃማይካና ከአካባቢው ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ጎታልስ ሥራውን ከያዘ በኋላ እሑድ እሑድ ጠዋት በሩን ከፍቶ ይቀመጥ ነበር። ነጭም ጥቁርም ተራውን ጠብቆ ይገባል። አንዱ ስለ ፎርማኑ፣ አንዱ ስለ ቤቱ፣ አንዱ ስለ ምግቡ ይናገራል። ለበላይ የሚጻፍ ሪፖርት ከእንደዚህ ዓይነት ጠዋት ቢነሳ ደስ ይለኛል። ሳይት ካልወረዳችሁ አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ጎታልስም ቢሆን ሁሉንም አልፈታም። አሜሪካዊው ነጭ በወርቅ ገንዘብ፣ ጥቁሩ በብር ገንዘብ የሚከፈልበት የደመወዝ መዝገብ ቦዩ በ1914 ተከፍቶም እንዳለ ቀጠለ።