ስለ ቦይና ስለ ስብሰባ ማን ያነባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ሐዋሳ ነው። መምህር ነበርኩ፤ በኋላ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆኜ ለዓመታት አገለገልኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ «አባዬ፣ ያየኸውን ጻፈው እንጂ» እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። እኔ ግን ሚኒስትር አልነበርኩም፣ ጦር ሜዳም አልዋልኩም። ሥራዬ የጎርፍ ቦይ፣ የመንገድ መብራትና የጎረቤት ድንበር ክርክር ነበር። ይሄ መጽሐፍ ይወጣዋል? ቃለ ጉባኤስ መጥቀስ እችላለሁ?
የቀድሞ ተመራጭ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ በደንብ ይወጣዋል! የባለሥልጣናት ትዝታ በየመጻሕፍት መደብሩ ሞልቷል። ቀበሌ ውስጥ አንድ ውሳኔ እንዴት እንደሚወለድ፣ ማን እንደገፋው፣ ማን እንዳንጓጠጠው፣ በጀቱ የት ላይ እንደቀረ ከውስጥ ሆኖ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ይህ መሬት ሲወርድ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ያስቡ። ድሬዳዋ ጉምሩክ ላይ ሠርቷል። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፈው ካረፈ በኋላ በ1916 ታትሞ ዛሬም ይጠቀሳል።

ታዲያ ከልደትዎ አይጀምሩ። ከቦዩ ይጀምሩ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ላስቲኩንና አሸዋውን ቦይ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ የተረፈውን ሐይቁ ውስጥ ይከታል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ እንደ ጥቁር ውኃ ያለ ገባር አለው እንጂ የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው የገባው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያ «ቦዩ ይጠረግ» የሚል ስብሰባ የሰፈር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ የዓሣ አጥማጁም እንጀራ ነበረበት። ነዋሪው ስንት እናዋጣ አለ? ዕድሩስ? ማዘጋጃ ቤት ምን ብሎ መለሰ? ቦይ አፍ ላይ ሱቅ የሠራ ሰው ከነበረ እንዴት አግባባችሁት? ይቺን አንዷን ሳይቸኩሉ ይጻፏት፣ ያልተሳካውንም ጭምር። ለወጣት ተመራጭ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይገኝም።

ቃለ ጉባኤውን በተመለከተ፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ይፋዊ የሕግና የአስተዳደር ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል፣ የምክር ቤት ይፋዊ ውሳኔ ቢጠቅሱ በዚህ በኩል ችግር አይኖርም። ቅጂው እጅዎ ላይ ከሌለ ምክር ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አዋጅ 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል።

የድንበር ክርክሩ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ጎረቤታሞች ገመናቸውን የነገሩት ለቀበሌ እንጂ ለአንባቢ አይደለም። ስማቸውን ይተዉ፣ ሰፈሩንም ይቀይሩ። ሐዋሳ ሰው ይተዋወቃል።

እስክሪብቶ እምቢ ካለዎት ለልጆችዎ ይተርኩላቸውና በስልክ ይቅረጹት፣ ከዚያ ወደ ወረቀት ይገለበጣል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ ይላኩልን፣ እናነበዋለን።