ስለ መንገድ ሥራና ጥገና ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኛውን ዕድሜዬን የሠራሁት በመንገድ ግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስነት ነው። ዛሬ ጊዜ ስላለኝ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አስፋልት ተመርቆ ሁለት የዝናብ ወቅት ሳያልፍ የሚቦረቦረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጠላቱ ውሃ ነው። በስንጥቅ የገባ ውሃ ከሥር ያለውን የጠጠር ንጣፍ ያላላዋል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጎማው ውሃውን ይጨምቀዋል፣ ውሃውም ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ከሥሩ የተቦረቦረ አስፋልት ይሰበራል።

ሌላው በደንብ አለመጠቅጠቅ ነው። በተነጠፈው አስፋልት ውስጥ የቀረው አየር ከ8 በመቶ ገደማ ካለፈ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ይገናኙና ውሃ ያሳልፋሉ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የቆየ የትኩስ አስፋልት ጭነት ደረሰልን፤ ቴርሞሜትር ብሰካበት 95 ዲግሪ። ተነጥፎ ሳይጠቀጠቅ ወደ 80 መውረዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሮለር ቢመላለስበት ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ መለስኩት። ተቋራጩ ክፉኛ ተቆጣ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ጭነት በይሉኝታ የተቀበልኩበት ቦታ ግን በዓመቱ ጠጠሩ ይረግፍ ጀመር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክት የሚጓተተው ተቋራጮች አቅም ስለሌላቸው አይደለም?

መልስ፦ እንዲያ ያሉም አሉ። እኔ ያየሁት መጓተት ግን በብዛት የተጸነሰው ማሽን ሳይገባ ነው። ወሰን ሳይከበር (መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ ነፃ ሳይሆን)፣ የመብራት ምሰሶና የውሃ ቧንቧ ሳይነሳ ውል ይፈረማል። ተቋራጩ ጥቂት ይሠራና ቤት ያልተነሳበት ቦታ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል፤ ከፊት የቆረጠው አፈር በዝናብ ይበላሻል፣ ግሬደሩ ቆሞ ወጪ ይቆጥራል፣ ከዚያ የጊዜ ማራዘሚያና የካሳ ጥያቄ ይመጣል። ካሳው ያልተከፈለው ባለቤትም ቤቱን ማደስም መልቀቅም አቅቶት ይከርማል። እኔ ብወስን፣ ካሳ ተከፍሎ ቦታው ነፃ ሳይሆን ሥራ የማስጀመሪያ ትእዛዝ አይጻፍም።

ጥያቄ፦ በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ማሸነፉስ?

መልስ፦ ዋጋው ከመሐንዲሱ ግምት እጅግ ከወረደ የነጠላ ዋጋውን ትንተና አስቀርቦ በምን ሊሠራው እንዳሰበ መጠየቅ ይገባል። ማስረዳት ካልቻለ ልዩነቱን የሚያካክሰው ከጠጠሩ ውፍረት ነው።

ጥያቄ፦ ከመጠን በላይ የጫነ መኪና ያን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ በጣም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ አጠገብ የጭነት መኪናዎችን ሆን ብለው በሙከራ መንገዶች ላይ ሲያመላልሱ ቆዩ። ከዚያ የተገኘው ስሌት፣ ጉዳቱ በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ባረፈው ጭነት አራተኛ ርቢ ያህል ያድጋል የሚል ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ። የሚዛን ጣቢያው ከተዘጋ ለ20 ዓመት የተነደፈው መንገድ በጥቂት ዓመት ያልቃል።

ጥያቄ፦ የጥገና በጀት ትንሽ ከሆነ ከየት ይጀመር?

መልስ፦ ከቦዩ። ከዝናብ በፊት ቦይና ከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ) ይጠረግ፣ ቀጥሎ ስንጥቅ በሬንጅ ይደፈን። ፈጽሞ የፈረሰውን ማስቀደም ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን ገንዘቡ እዚያ ሲፈስ ገና ደህና የነበረው ይፈርሳል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ሪፖርቱ፣ በአፍሪካ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር ለወቅታዊ ጥገና ቢወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን ነበር ብሏል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የተደፈነው ጉድጓድ በወሩ ተመልሶ ተከፈተ።

መልስ፦ ጭቃው ሳይወጣ ተሞልቶ ይሆናል። የላላው ጠርዝ ጤነኛው አስፋልት እስኪገኝ ድረስ በቀጥታ ተቆርጦ፣ ጉድጓዱ ጸድቶና ደርቆ፣ ጎንና ሥሩ ሬንጅ ተቀብቶ፣ እየተደራረበ ሊጠቀጠቅ ይገባል። በአካፋ ጀርባ መምታት መጠቅጠቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሉ ራሱ ቢቀየርስ?

መልስ፦ ተስፋዬ እዚያ ላይ ነው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረችው አሠራር አለ፦ ተቋራጩ የሚከፈለው በደፈነው ጉድጓድ ብዛት ሳይሆን መንገዱን ለዓመታት በተወሰነ ደረጃ ላይ በማቆየቱ ነው። ጉድጓድ ከታየ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተደፈነ ከክፍያው ይቀነሳል። ያኔ ቦይ መጥረግ ለተቋራጩ ራሱ ትርፍ ይሆናል። ግን የሚለካ ሰው ይፈልጋል፤ በየወሩ መንገዱ ላይ ወጥቶ የማይለካ አሠሪ መሥሪያ ቤት ካለ ይህም ውል አያድነንም።

ጥያቄ፦ እኛ ነዋሪዎች ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቆሻሻና የግንባታ አፈር ቦይ ውስጥ አትድፉ። ዝናብ እየዘነበ ውሃ አስፋልቱ ላይ የተኛበትን ቦታ ፎቶ አንስታችሁ ለመንገዱ ኃላፊ መሥሪያ ቤት ስጡ። ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ያን ቦታ አያገኘውም።