የተቃጠለ ዘይትና የመካኒኩ ቱታ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እዚህ ድሬዳዋ ከዐሥር ዓመት በላይ በጋራዥ የሠራ መካኒክ ነው። ዘይት ሲቀይር ጓንት አያደርግም፤ ማታ እጁን በቤንዚን ይታጠባል፤ ቱታውን እኔ ከልጆቹ ልብስ ጋር አጥባለሁ፤ የዘይቱን ባዶ ጀሪካን ደግሞ ለውሃ እንጠቀምበታለን። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን በማለስለሻ ዘይቶች ውስጥ የሚጨመሩ ኬሚካሎች በመርዛማነታቸው መታገዳቸውን ነገረን። እውነት ነው? የተቃጠለውን ዘይት ለግመል እከክ የሚወስዱ ሰዎችም አሉ።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ዘመድዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ሆኖም የእገዳው ጉዳይና የባለቤትዎ እጅ ጉዳይ ለየቅል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ በቀላሉ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚያግድና የሚገድብ የስቶክሆልም ስምምነት በመጀመሪያ ከዘረዘራቸው 12 ኬሚካሎች መካከል በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ያገለግሉ የነበሩት ፒ.ሲ.ቢ. የተባሉ ውህዶች ይገኙበታል። በቶርኖ ቤት ብረት ሲቆረጥ በሚፈስሰው ዘይት ውስጥ ይጨመሩ የነበሩት ባለአጭር ሰንሰለት ክሎሪናማ ፓራፊኖችም እ.ኤ.አ. በ2017 ታክለዋል። እነዚህ ከመኪና መካኒክ ይልቅ የቶርኖና የኤሌክትሪክ ሠራተኛን ይመለከታሉ።

ባለቤትዎን በየዕለቱ የሚያገኛቸው አደጋ የሚወጣው ግን ከታሸገው ዕቃ ሳይሆን ከሞተሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ያልተጣራውንና በመጠኑ ብቻ የተጣራውን የማዕድን ዘይት ነው፤ በሚገባ የተጣራው በዚህ ምድብ ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ ንጹሑ ዘይት በሞተር ውስጥ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ሲሠራ ከነዳጁ ቃጠሎ የሚመጡ፣ ቤንዞፓይሪንን የመሳሰሉ ካንሰር አምጪ ውህዶች ይጠራቀሙበታል። የተቃጠለ የቤንዚን ሞተር ዘይት ቆዳቸውን በተደጋጋሚ የተቀቡ የሙከራ አይጦች የቆዳ ካንሰር ይዟቸዋል።

ጨርቃ ጨርቅ ለሚያውቅ የድሬ ሰው የሚከተለው ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። በእንግሊዝ የላንካሺር ጥጥ ፈታዮች ከማሽኑ የሚረጨው ዘይት ለዓመታት ሱሪያቸውን ሲያርስ ኖሮ፣ በርካቶቹ በዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ ካንሰር ተያዙ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1953 በማሽኖቹ ላይ የሚውለውን ዘይት ዓይነት የሚገድብ ደንብ ወጣ። ልብ ይበሉ፣ የታመመው ዘይቱን የጨበጠው እጅ ሳይሆን የራሰው ልብስ ቀኑን ሙሉ የተጣበቀበት ገላ ነው። ስለዚህ እኔን ከእጃቸው ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ መካኒኮቻችን በቱታቸው ኪስ የሚሸጉጡት ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው። እሱን ከኪስ ማውጣት ምንም ወጪ አይጠይቅም። ቱታውም በየጊዜው፣ በራሱ ሳፋ፣ ከልጆቹ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

በቤንዚን መታጠብ መቅረት አለበት። ቤንዚን የቆዳን ቅባት አጥቦ ቆዳውን ከመሰንጠቁም በላይ የደም ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል በውስጡ አለ። እጃቸውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ጥቂት የምግብ ዘይት ቢቀቡና በሳሙና ቢታጠቡ ጥቁሩ ይለቃል። ጓንት ሲገዙ ናይትራይል ከተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራውን ይምረጡ፤ የሕክምናውን ስስ ላቴክስ ዘይት ያበላሸዋል።

ጀሪካኑን በተመለከተ ግን አልለሳለስም፤ ለውሃም ሆነ ለምግብ ዘይት አይዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 በሞሮኮ ነጋዴዎች የጄት ሞተር ማለስለሻ ከምግብ ዘይት ጋር ቀላቅለው በመሸጣቸው 10,000 ያህል ሰዎች ሽባ ሆነዋል። ያ ድብልቅ ከአንድ ጀሪካን ቅሪት ጋር በመጠን አይወዳደርም፤ ቢሆንም የማለስለሻ ቅመም በሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል።

ለግመሎቹ እከክ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘው አይቨርሜክቲን አለና በተቃጠለ ዘይት መቀባት አያስፈልግም። ትርፉን ዘይትም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መድፋት አይገባም፤ ከተማችን የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። ክዳን ባለው በርሜል ተጠራቅሞ ለሚረከብ አካል ይሰጥ፤ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በዘፈቀደ መጣልን አይፈቅድም።

ባለቤትዎ በእጃቸው፣ በክንዳቸው ወይም ለሐኪም መናገር በሚያሳፍራቸው ቦታ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ወይም ለሳምንታት የማይድን ቁስል ካዩ፣ ሳይዘገዩ ለቆዳ ሐኪም ያሳዩ፤ ስንት ዓመት ከዘይት ጋር እንደ ሠሩም ራሳቸው ይንገሩት፤ ሐኪሙ ላይጠይቅ ይችላልና።