አዲስ ታንኳ ይዞ የመጣ አሸናፊ፣ በእርግጥ አሸናፊ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ጎንደር ከተማ ሲሆን ትውልዴ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን ቤተ ዘመዱ እዚያ ሲሰበሰብ ወጣቶቹ በደንገል ታንኳ የቀዘፋ ውድድር ያደርጋሉ። ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ በዚያው ሳምንት የተሠራ፣ ገና ውኃ ያልጠጣ ቀላል ታንኳ ይዞ ቀረበና ሁሉንም ጥሎ ገባ። የታናሽ ወንድሜ ታንኳ ግን ለወራት ዓሣ ሲጠመድበት የቆየ ስለነበር «ያሸነፈኝ ታንኳው እንጂ እሱ አይደለም» ብሎ እጁን ሳይጨብጠው ቀረ፤ እስከ ዛሬም አይነጋገሩም። አንዲት የእህቴ ልጅ ደግሞ በሁለተኛነት እየቀዘፈች ሳለ አንድ ልጅ ከታንኳው ሲወድቅ አይታ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ልጁን ስታወጣም መጨረሻ ሆነች። ታላቁ አጎታችን «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ አልነበረም፤ እንደ ድሮው አድርጉት» ይላሉ። የባለ ሸራ ጀልባ ውድድር በቴሌቪዥን አልፎ አልፎ እመለከታለሁ። እነዚያ ሰዎች ይህን የመሰለውን ነገር እንዴት ይዳኙታል? እኛስ ለከርሞ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የአጎትዎ ልጅ አሸንፏል። ታንኳው አዲስ መሆኑ ከማንም ያልተደበቀ፣ ከውድድሩ በፊትም ማንም ያልተቃወመው ነገር ስለሆነ ውጤቱን ዛሬ ወደ ኋላ ተመልሶ መሰረዝ ተገቢ አይሆንም። ይሁንና የወንድምዎ ቅሬታ ባዶ አይደለም፤ በባለ ሸራ ጀልባ ዓለምም ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ የኖረ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የአሜሪካ ዋንጫ» የተባለው ውድድር ስሙን ያገኘው በ1851 በእንግሊዝ የዋይት ደሴትን ዞራ ካሸነፈችው «አሜሪካ» ከተባለችው ጀልባ ነው። ዋንጫው ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ ጀልባ ክለብ እጅ ለ132 ዓመታት ቆየ። በ1983 ለተጋጣሚነት የቀረበችው «አውስትራሊያ 2» ከሆዷ በታች፣ ሚዛን በሚጠብቅላት ክፍል ላይ፣ ከዚያ በፊት በውድድሩ ያልታየ ክንፍ ተበጅቶላት ነበር፤ ከውኃ ስትወጣም ያ ክፍል በመጋረጃ ይሸፈን ነበር። ክለቡ ክንፉ ደንብ ይጥሳል ብሎ ለማሳገድ ቢጣጣርም አልተሳካለትም፤ አውስትራሊያውያኑም 3 ለ 1 ከተመሩ በኋላ 4 ለ 3 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው በ2013 የተፈጸመው ነው። የዋንጫው ባለቤት የነበረው ኦራክል የተባለው የአሜሪካ ቡድን ከዋናው ግጥሚያ በፊት በተወዳደረባቸው ትናንሽ ጀልባዎች ላይ ከደንብ ውጭ ክብደት መጨመሩ ተደረሰበትና ዳኞቹ ዋናው ግጥሚያ ሳይጀመር ሁለት ነጥብ ቀነሱበት። ቡድኑ 8 ለ 1 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ 9 ለ 8 ማሸነፉ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተአምር ይወራል፤ እኔ ግን ያን ድል ባስታወስኩ ቁጥር ቅጣቱም አብሮ ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያው ደንቡ ያልከለከለውን በብልሃት መጠቀም ነው፤ ሁለተኛው ደንብን በስውር መጣስ ነው። የአጎትዎ ልጅ የመጀመሪያው እንጂ የሁለተኛው ወገን አይደለም።

ለከርሞ ግን ታንኳዎቹን ማመጣጠን ትችላላችሁ። የባለ ሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎች ይህን በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። ልዩ ልዩ ዓይነት ጀልባዎች አብረው ሲወዳደሩ እያንዳንዱ ጀልባ እንደ ልኩና እንደ ፍጥነቱ የሰዓት ማካካሻ ይሰላለታል፤ በዚህም የተነሣ መጀመሪያ የገባው ሁልጊዜ አንደኛ አይሆንም። ይህን ለእናንተ አልመክርም። ደንገል ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር እየጠጣ ስለሚከብድ ዛሬ የተሰላው ማካካሻ ነገ ዋጋ አይኖረውም፤ ስሌቱ ራሱም አዲስ የጠብ ምንጭ ይሆንባችኋል። ሌላው መንገድ ሁሉም አንድ ዓይነት ጀልባ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሌዘር የምትባለው፣ የቀፎዋ ክብደት 59 ኪሎ ገደማ የሆነች የአንድ ሰው ጀልባ ከ1996 ጀምሮ በኦሊምፒክ ስትወዳደር አዘጋጆቹ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጀልባ ያቀርቡ ነበር። እዚያም ቢሆን እኩልነቱ ፍጹም አይደለም፤ በዚያች ጀልባ ላይ ክብደቱ 80 ኪሎ አካባቢ የሆነ ወንድ ከቀጭኑም ከወፍራሙም ይልቅ ይመቸዋል።

ለእናንተ የሚስማማው ሦስተኛው መንገድ ይመስለኛል። ሁለት ሁለት ሆነው በተዘጋጀላቸው ጀልባ የሚጋጠሙ ቡድኖች በየዙሩ ጀልባ ይለዋወጣሉ። ወንድምዎና የአጎትዎ ልጅ ሁለት ጊዜ ቀዝፈው በመካከሉ ታንኳ ቢቀያየሩና የሁለቱ ዙር ውጤት ቢደመር፣ የታንኳው ድርሻና የክንዱ ድርሻ ተለይቶ ይታያል። ሁለቱም ዙሮች ጠዋት ይሁኑ፤ እርስዎም እንደሚያውቁት ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ሌላ ሐይቅ ይሆናል፤ ከሰዓት የቀዘፈውም ሌላ ምክንያት ያገኛል።

ወንድምዎን በአንድ ነገር እወቅሰዋለሁ፤ እሱም ቅሬታውን ያቀረበበት ጊዜ ነው። በባለ ሸራ ጀልባ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ በየጀልባው አጠገብ የሚከተል ዳኛ የለም። ደንብ የጣሰ ተወዳዳሪ ራሱን እንዲቀጣ ይጠበቅበታል፤ ለምሳሌ የቅድሚያ ደንብ ጥሶ ሌላውን ያሰናከለ ሰው ጀልባውን ሁለት ጊዜ ዙሪያውን አሽከርክሮ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህን ካላደረገ ተበዳዩ እዚያው በቦታው «አቤት» ብሎ ያሳውቅና ክርክሩ ወደ ወደብ ከተመለሱ በኋላ በዳኞች ፊት ይሰማል። በጊዜው ያልተነገረ ቅሬታ ግን በኋላ ተቀባይነት ያጣል። ወንድምዎም የታንኳውን አዲስነት ያየው መነሻው ላይ ሳለ ነውና መናገር የነበረበት ያኔ ነበር።

ፉክክሩን ግን አትፍሩት። እንግሊዛዊው ቤን አይንስሊና ብራዚላዊው ሮበርት ሼይት በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ለወርቅ ሲፋለሙ፣ በመጨረሻው ዙር ሁለቱም ከምልክቱ በፊት ተነሥተው ከዙሩ ተሰረዙ፤ በነጥብ ይመራ የነበረው ሼይትም ወርቁን ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ በሲድኒ አይንስሊ በመጨረሻው ዙር ሼይትን እየተከታተለ ነፋሱን ከለለበት፣ መንገዱንም ዘጋበት፤ ዋናው ዓላማው እሱን ወደ ኋላ ማስቀረት ነበርና ተሳካለት፤ ወርቁም የእሱ ሆነ። ይህን ነውር ነው ያሉ ነበሩ፤ ደንቡ ግን ይፈቅደዋል። ሁለቱም ከዚያ በኋላ በየፊናቸው ተጨማሪ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ወስደዋል፤ እንዲያ ያለ ባላጋራ ባይኖራቸው ኖሮ ሁለቱም እዚያ ከፍታ ላይ ይደርሱ ነበር ብዬ አላምንም። የእኛም ሰው ቢሆን ሩር ሲመታ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ጨዋታው ጉልበት ያለበት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ታላቁ አጎትዎ ስለሚሉት «ድሮ» ደግሞ በአክብሮት ልከራከራቸው። ድሮ ጭቅጭቅ ያልነበረው ሁሉም እኩል ስለነበረ ሳይሆን የተበደለው ዝም ስለሚል ሊሆን ይችላል። የአሜሪካን ዋንጫ የድሮ ዘመን የሚናፍቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን በ1870 ዋንጫውን ፈልጋ አትላንቲክን ያቋረጠችው የእንግሊዟ «ካምብሪያ» የተሰለፈችው ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሳይሆን ከ17 የኒውዮርክ ጀልባዎች ጋር ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተጋጣሚው ጀልባውን በባሕር ላይ እየነዳ ወደ ውድድሩ ቦታ የመምጣት ግዴታ ነበረበት፤ ስለዚህም ውቅያኖስ የሚችል ከባድ ጀልባ ሲሠራ፣ ባለ ዋንጫው በደጁ ለመወዳደር ብቻ የተሠራ ቀላል ጀልባ ይዞ ይጠብቀው ነበር። የወንድምዎ ቅሬታ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የአጎትዎን ናፍቆት በደንብ መልክ ማስተናገድ ግን ይቻላል። በ1968 የተጀመረውን፣ ዓለምን ብቻን ሆኖ ያለማቋረጥ የመዞር የ«ጎልደን ግሎብ» ውድድር ለማስታወስ በ2018 ዳግመኛ ሲዘጋጅ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የድሮ ዓይነት ጀልባ ይዘው፣ በሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሳይመሩ፣ ፀሐይንና ከዋክብትን እየለኩ እንዲጓዙ ተወሰነ። ናፍቆቱ ፍትሐዊ የሆነው ድሮው በሁሉም ላይ እኩል ስለተጫነ ነው። እናንተም «እንደ ድሮው» ካላችሁ የታንኳውን ርዝመትና ከተሠራ ያለፈውን ጊዜ ወስናችሁ ለሁሉም አውጁ፤ ልኩንም አጎትዎ ራሳቸው ይለኩ።

የቀረው የእህትዎ ልጅ ጉዳይ ነው፤ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በጀልባ ውድድር ደንብ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት ግዴታ ነው፤ በመርዳቱ የተጎዳም ሰው ካሣ ይገባዋል። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ካናዳዊው ሎረንስ ለሚዩ በቡሳን ባሕር ላይ በሁለተኛነት እየሄደ ሳለ፣ በሌላ ውድድር የነበሩ ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎች ጀልባቸው ተገልብጦ አይቶ የራሱን ትቶ ወደ እነሱ ሄደ። ዳኞቹ ለዚያ ዙር ሁለተኛነቱን መለሱለት፤ በዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች በፒየር ደ ኩበርቲን ስም የተሰየመውን ሜዳሊያም ተሸለመ። በቅርቡም ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሸፈር በ2022 በተጀመረው የጎልደን ግሎብ ውድድር ጀልባው የሰጠመበትን ፊንላንዳዊ ተፎካካሪዋን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ደርሳ አዳነችው፤ ያጠፋችው ሰዓት ታስቦላት ጉዞዋን ቀጠለችና በ2023 አንደኛ ሆና ገባች።

ስለዚህ ለእህትዎ ልጅ ሁለተኛነቷን ስጧት። እንዲህ ያለው ካሣ ሌላውን ተወዳዳሪ ከደረጃው ማውረድ የለበትም፤ በአንድ ውድድር ሁለት ሁለተኛ ቢኖር ችግር የለውም። ከአጎትዎ ልጅ ተከትሎ የገባው ወንድምዎ ከሆነም ደረጃውን ከእሷ ጋር ይጋራል እንጂ አይነጠቅም።