መጽሐፉን ላንብብ ወይስ ሙዚቃውን ልስማ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ከወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ጋር አብረው ስለሚሸጡ የጥንት ሙዚቃ ሲዲዎች። የተመቹኝን መርጬ መልሻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንዴት ነህ? ወዳጄ ጆርዲ ሳቫል ስለ ካታሮች (በመካከለኛው ዘመን ደቡብ ፈረንሳይ ስለነበሩ የአንድ እምነት ተከታዮች) ያዘጋጀውን ባለ ሦስት ሲዲ መጽሐፍ ሰጠኝ። ከ500 ገጽ በላይ ነው! ሥዕሉም ወረቀቱም ደስ ይላል፣ ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። አንብቤ ልስማ ወይስ ሰምቼ ላንብብ? ደግሞ አንቱ እንዳትለኝ፣ ገና ልጅ ነኝ።

መልስ፦ እሺ፣ አንተ እንልሃለን። መጀመሪያ ስማ። አንብቤ ልጨርስና ልሰማ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሲዲውን ሳያወጣው ይቀራል፤ አውቃቸዋለሁ፣ መደርደሪያቸው በጣም ያምራል። የመጀመሪያውን ዲስክ መጽሐፉን ዘግተህ አንዴ ስማው። የያዘህን ዘፈን ቁጥር ብቻ ጻፍ። ከዚያ መጽሐፉን ስትከፍት የምትሄደው ወደዚያ ዘፈን ግጥም ነው፣ ከግጥሙ ቀጥሎ ወደ ታሪኩ።

ስለ ገጹ ብዛት ደግሞ አትጨነቅ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንዱ ጽሑፍ በበርካታ ቋንቋ እየተደጋገመ ነው የሚታተመው። የምትችለውን ቋንቋ ስትመርጥ 500 ገጹ ወደ ትንሽ መጽሐፍ ይወርዳል። በሁለት ምሽት ያልቃል።

ሳቫል ማን እንደሆነ ካላወቅህ፦ በ1941 የተወለደ የካታሎኒያ ሰው ነው፣ ቫዮላ ዳ ጋምባ የሚባለውን በደጋን የሚመታ ጥንታዊ ባለ ክር መሣሪያ ይጫወታል። በ1998 ከባለቤቱ ከድምፃዊት ሞንሴራት ፊጌራስ ጋር አሊያ ቮክስ የሚባል የራሳቸውን የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋሙ። ትልልቆቹ መጻሕፍት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዶን ኪኾቴ በ2005፣ ኮሎምበስ በ2006፣ ኢየሩሳሌም በ2008። ያንተው በ2009 ወጣ፣ ቤዚዬ የተባለችው ከተማ ነዋሪ ከተጨፈጨፈበት ከ1209 ልክ 800 ዓመት መሆኑ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ባለቻቸው ካታሮች ላይ ያዘመተችው ጦር ነው ደቡብ ፈረንሳይን እንደዚያ ያደረጋት። በ1244 ሞንሴጉር የሚባለው ምሽግ ሲወድቅ ከ200 በላይ ሰው በእሳት ተቃጠለ።

ይህን ሳታውቅ ስትሰማ አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው በማታውቀው ቋንቋ ሲያዝን ትሰማለህ፣ በቃ። እዚያው ውስጥ ካርካሶን ለምትባለው የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ወጣት ገዥ ለትራንካቬል የተገጠመ ለቅሶ አለ። ሰውየው በ1209 ተይዞ እዚያው ካርካሶን እስር ላይ እያለ ሞተ፣ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ይህን አንብበህ ተመልሰህ ስማው። ዘፈኑ ያው ነው፣ አንተ ግን አሁን ለማን እንደሚለቀስ ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ በ1209 የተዘፈነ ዘፈን ዛሬ ከየት ይመጣል? መቅረጫ አልነበረ! ሰዎቹ ራሳቸው ፈጥረው «ጥንታዊ ነው» እያሉ የሚሸጡልን ይመስለኛል። አጠፋሁ?

መልስ፦ ኧረ ምንም አላጠፉም፣ ግማሹ እውነት ነው። ቢያውቁት ጥሩ ነው፣ ማዳመጥም የበለጠ ያጣፍጣል።

የደቡብ ፈረንሳይ ትሩባዱሮች፣ ማለት ገጣሚም ዜማ ደራሲም የነበሩት፣ ከጻፏቸው ግጥሞች ወደ 2,500 ያህሉ ተርፈዋል። ዜማቸው አብሮ የተረፈው ግን ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። ከሴቶቹ ደግሞ ዜማዋ የደረሰን ኮንቴሳ ደ ዲያ ብቻ ናት፣ ያውም አንድ ዘፈን። የተረፈውም ኖታ ቢሆን ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያሳያል እንጂ ስለ ምቱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው። ምን መሣሪያ እንደሚያጅበው አይናገርም። ስለዚህ መግቢያው ላይ የሚሰሙት ከበሮ፣ መሐል ላይ የምትገባው ዋሽንት፣ ዘፈኑ መፍጠኑ ወይም መንቀርፈፉ፣ ይህ ሁሉ የዛሬዎቹ ሙዚቀኞች ምርጫ ነው። ዜማ ለጠፋበት ግጥም የሌላ ዘፈን ዜማ ይዋሱለታል። ይሄኛው ግን የዛሬ ብልጠት እንዳይመስልዎ፣ ትሩባዱሮቹ ራሳቸው የሌላውን ዜማ ወስደው አዲስ ግጥም ይገጥሙበት ነበር።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ ዋጋውን የሚያወጣው። የዘፈኖቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ይዩት። አንዱ ጎን የደራሲ ስም አለ፣ አንዱ ጎን ደራሲው ያልታወቀ ይላል፣ አንዱ ጎን ደግሞ በፈጠራ የተጫወቱት መሆኑ ተጽፏል። በሐቀኝነት የተሠራ መጽሐፍ አይደብቅዎትም። ዝርዝሩ ላይ ይህን የማይነግር ካጋጠመዎ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አላምነውም።

መሬት የያዘ ነገር ከፈለጉ ሳቫል በ2009 ያወጣውን፣ ካንቴሚር በጻፈው መጽሐፍ ላይ የተመሠረተውን የኢስታንቡል ዲስክ ይሞክሩ። ዲሚትሪ ካንቴሚር የሞልዳቪያ (የዛሬዎቹ ሮማኒያና ሞልዶቫ አካባቢ) ልዑል ነበር (1673–1723)፣ ኢስታንቡል ብዙ ዓመት ኖሮ ታንቡር የሚባለውን ባለ ረጅም አንገት መሣሪያ ተማረ፣ የኦቶማን ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብም ጻፈ። 350 ገደማ ዜማ በራሱ ዘዴ መዝግቧል፦ የድምፁን ቦታ በፊደል፣ ርዝመቱን ከሥሩ በቁጥር። ምቱም ስለሚታወቅ የዛሬ ሙዚቀኛ ግምት ብዙ አያስፈልገውም። አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ዲስክ። ለጀማሪ ከሦስት ሲዲ ጦርነት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሳቫል ሲዲዎች ላይ መሐል መሐል እየገባ የሚተርከው ሰው አሰልችቶኛል። ብዘለው ነውር አለው?

መልስ፦ ዝለዪው እህቴ! ታሪኩ እኮ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። አንዳንዶቹ ሥራዎች ላይ ትረካው በዝቶ ሙዚቃው አጃቢ ሆኖ ይቀራል፣ ይህን ሳቫልን የምወድ ሰው ሆኜም እላለሁ። አንዱን ብቻ እንዳትዘዪ፦ በ2016 የወጣውን፣ ከ1444 እስከ 1888 ያለውን የባሪያ ንግድ የሚከተለውን። እዚያ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ አጭር ነው፣ ነጋዴው ወይም ሕጉ በራሱ አንደበት ሲናገር ትሰሚያለሽ፣ ወዲያው የማሊ፣ የብራዚል ወይም የሜክሲኮ ሙዚቀኞች ይቀጥላሉ። እነሱ ደግሞ ከብራና ላይ የለቀሙት አይደለም፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን ነው የሚጫወቱት። ንባቡን ከቆረጥሽው ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደሚዘፍን ይጠፋብሻል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ፒያኖ ይጫወታል፣ ከሲዲው ጋር አብሬ ልሞክር ሲል «ቅኝታቸው ወርዷል» ብሎ ሳቀ። እውነት ወርዷል?

መልስ፦ ወርዷል፣ ሆን ተብሎ። የዛሬ ፒያኖ «ላ» የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። የባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ የነበረውን የአውሮፓ) ሙዚቃ የሚጫወቱ ብዙዎች 415 ላይ ይቃኛሉ፣ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ማለት ነው። ክሩም ከብረት ሳይሆን ከእንስሳ አንጀት የተፈተለ ነው፣ ድምፁ ለስለስ ይላል፣ አየሩ ሲቀየር ቅኝቱ ቶሎ ይዛባል። ቫዮላ ዳ ጋምባን በቪዲዮ ካየሃት አንገቷ ላይ እንደ ጊታር መስመር አለ፣ እሱም ዙሪያዋን የታሰረ የአንጀት ክር ነው፣ ተጫዋቹ በእግሮቹ መሐል ይዞ ደጋኑን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ይስባል። ለጓደኛህ በፒያኖው አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ወረድ ብሎ እንዲሞክር ንገረው።

ጥያቄ፦ ሲዲ ማጫወቻ የለኝም። በስልኬ ብሰማው ይበቃኛል?

መልስ፦ ለሙዚቃው ይበቃዎታል። የሚያጡት ግጥሙንና ትርጉሙን ነው፣ በማያውቁት ቋንቋ ለሚዘፈን ነገር ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው በስልክ እየሰሙ ማንበብም ያስኬዳል። ዲስኩ ላይ ኤስ.ኤ.ሲ.ዲ. (የድምፅ ጥራቱ ከተራ ሲዲ የላቀ የዲስክ ዓይነት) የሚል አይተው ከሆነ አይደንግጡ፣ የእነዚህ መጻሕፍት ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ንብርብር አላቸው፣ አንዱን ተራ ማጫወቻም ያነበዋል።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ከሽፋኑ ኪስ ውስጥ ሲወጣ ይጫጫራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኪሱን በጣትዎ ትንሽ ከፈት ያድርጉና ዲስኩን ጠርዙን ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡት፣ በወረቀቱ ላይ አይፈግፍጉት። ከቆሸሸ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉ፣ በክብ አይደለም። ብዙ የሚሰሙት ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ተራ የሲዲ ማስቀመጫ ውስጥ ያድርጉትና ኪሱን ባዶውን ይተዉት።